ሦስት ሞኒተር በአንድ ካርድ፦ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያና ከከሚሴ የመጡ ናቸው። ጉዳያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ለጌም ሁለትና ሦስት ሞኒተር መደርደር። አብዛኛው ጠያቂ ሞኒተሩን ገዝቶ ወይም ቀብድ ከፍሎ ነው የጻፈልን። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻል ነበር፤ መጀመሪያ የግራፊክስ ካርዱን (ምስሉን ሠርቶ ለሞኒተር የሚያወጣውን የኮምፒውተር ክፍል) ጀርባ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ ሶኬቱን፣ መጨረሻ ላይ ሞኒተሩን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2ን በአንድ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር እጫወታለሁ። ስፖኪዮ ለማየት ሁልጊዜ ካሜራ ማዞር ሰለቸኝ፤ ሁለት ሞኒተር ልጨምር ነው። ካርዴ ጂቲኤክስ 1650 ነው። ይችለዋል? ካልቻለ ምን ልግዛ? ሦስቱንም ባለ 27 ባደርጋቸውስ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አብሽር፣ ጌሙን ደህና መርጠሃል። ሦስት ስክሪን በደንብ የሚያዋጣው ለመኪናና ለአውሮፕላን ጌም ነው፤ የጎን መስኮቱና ስፖኪዮው በጎን ሞኒተሮቹ ላይ ይወድቁልሃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ባለ 1920 በ1080 አንድ ሞኒተር 2,073,600 ፒክስል (የምስል ነጥብ) አለው። ሦስቱ 6,220,800 ይሆናሉ። አንድ የ4ኬ ስክሪን 8,294,400 ስለሆነ፣ ካርድህ የሚሠራው የ4ኬን ሦስት አራተኛ ሥራ ነው ማለት ነው። ባለ 2560 በ1440 ሦስት ብትደረድር ግን 11,059,200 ትደርሳለህ፤ ይህ ከ4ኬ በሲሶ ይበልጣል። የ27 ኢንች ጥያቄህም እዚህ ላይ ይመለሳል። በ27 ኢንች ላይ 1080 ሲዘረጋ ፊደሉ ይሻክራል፣ ፒክስሉ ለዓይን ይታያል፤ ስለዚህ 27 የገዛ ሰው ውሎ አድሮ 1440 ይመኛል፤ 1440 ደግሞ ካርዱን እጥፍ ያህል ይጭነዋል። ለመካከለኛ ካርድ ሦስት ባለ 24 ኢንች በ1080 ይበቃል። ከዚያ በላይ መሄድ ለእኛ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ ሜሞሪ ነው። ሦስቱን ሞኒተር ያበራቸዋል፤ ዴስክቶፕህ በሦስቱም ላይ ይዘረጋል። ጌሙን ስትከፍት ግን ፍሬሙ (በሰከንድ የሚሠራው የምስል ብዛት) በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። እይታው ሲሰፋ በአንድ ጊዜ የሚታየው ዛፍ፣ ቤትና መኪና ስለሚበዛ ፕሮሰሰሩም አብሮ ይጨነቃል። ካርድ ቀይሮ ፍሬሙ ያልጨመረለት ሰው ፕሮሰሰሩን ይመልከት።

ካርድ ከቀየርክ ከሦስቱ አንዱን ፈልግ፦ አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋ፣ 132 ዋት የሚበላ፤ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ፣ 170 ዋት የሚበላ፤ ወይም አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋ፣ 115 ዋት የሚበላ። ለሦስቱም ደህና የሆነ ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። አብዛኞቹ ዲስፕሌይፖርት የሚባል የምስል መውጫ ሦስት፣ ኤችዲኤምአይ የሚባለውን ደግሞ አንድ አላቸው፤ ግን አምራቹ ሊለውጠው ስለሚችል ሳትከፍል ጀርባውን አይተህ ቁጠር። አርኤክስ 6400ና 6500 ኤክስቲ የሚሉህ ካሉ አትቀበል፤ ሁለቱም ከሁለት ሞኒተር በላይ አያወጡም። ዋጋቸው የሚያጓጓው አለምክንያት አይደለም።

ሲደርስህ ሦስቱን ሞኒተሮች እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን የሚያስተሳስረው መሣሪያ በኤንቪዲያ ካርዶች (ጂቲኤክስና አርቲኤክስ) ሰራውንድ፣ በኤኤምዲ ካርዶች (አርኤክስ) ደግሞ አይፊኒቲ ይባላል። አይፊኒቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለ ነው። ሰራውንድ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሬዞሉሽን (የፒክስል ልክ) እና አንድ ዓይነት ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት) እንዲኖራቸው ይፈልጋል፤ አይፊኒቲ ትንሽ ይታገሣል። ስትከፍተው የቤዝል (የሞኒተር ጠርዝ) ማስተካከያ የሚል ክፍል አለ፤ የሁለት ሞኒተሮች ጠርዝ የሚጋርደውን ያህል ምስሉን ይዘልልሃል፤ ያለ እሱ በሁለቱ መካከል የሚያልፍ ገመድ ወይም የመንገድ መስመር ተሰብሮ ይታያል። የጎን ምስሉ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠብህ ደግሞ ጌሙ ሦስቱን እንደ አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ እያየ ነው። ዩሮ ትራክና አሴቶ ኮርሳ የሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ለእያንዳንዱ ስክሪን የየራሱን ማዕዘን የሚሰጥ ሴቲንግ ስላላቸው እሱን ክፈት።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። ያለኝ ቀጭን የቢሮ ኮምፒውተር ነው፣ ተኝቶ የሚቀመጠው ዓይነት። ትልልቅ ካርድ አይገባበትም አሉኝ። ለትምህርቴም ለጌምም ሦስት ሞኒተር ፈልጌ ነበር። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ እህታችን፣ ተስፋ አትቁረጪ፤ ግን ሦስት ነገር ለኪ። አንደኛ፣ ክፍተቱ አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ከካርዱ ጋር አጭሩ የብረት ጠርዝ መኖሩን አረጋግጪ፤ ረጅሙን ብቻ ይዞ የመጣ ካርድ ክዳኑን አያስዘጋም። ሁለተኛ፣ የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ የራሱ ቅርጽ ስላለው በሌላ አይተካም፣ ጉልበቱም ከ180 እስከ 260 ዋት አካባቢ ነው፤ ለካርድ ኃይል የሚሰጥ ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ክፍተት ብቻ የሚመገብ፣ ማለትም ከ75 ዋት ያልበለጠ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የፖርት ብዛት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጂቲ 1030 ገዝቶ ይመጣል፤ ሁለት መውጫ ብቻ ነው ያለው። እኛ የምንመርጥልሽ ያገለገለ ኤንቪዲያ ቲ600 ወይም ቲ1000 ነው። የቢሮና የዲዛይን ካርዶች ስለሆኑ ጌመሩ አይሻማባቸውም። ቲ600 ባለ 4 ጊጋ፣ 40 ዋት፤ ቲ1000 ደግሞ 50 ዋት ነው። ሁለቱም አራት ሚኒ ዲስፕሌይፖርት አላቸው፤ ስለዚህ ከሚኒ ወደ ትልቁ የሚቀይሩ ገመዶችንም አብረሽ ያዢ፤ ለብቻ ሲፈለጉ ያስቸግራሉ። ጌሙን በመካከለኛው ሞኒተር በ1080 መካከለኛ ሴቲንግ ላይ ያስኬዱታል፤ የጎኖቹ ላይ ፒዲኤፍሽን፣ ቴሌግራምሽን ትዘረጊያለሽ። ሦስቱን ለጌም አስተሳስራለሁ ካልሽ ግን ይህ ኮምፒውተር ቦታው አይደለም።

ካርድ ሳትገዢም አንድ መንገድ አለ። የኮምፒውተርሽን ጀርባ እይው፤ ብዙዎቹ ሁለት ዲስፕሌይፖርት፣ አንዳንዶቹም ሌላ ተጨማሪ መውጫ አላቸው። የፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ በቅርብ ዘመን ኢንቴል ላይ ሦስት ሞኒተር ይችላል። ለትምህርት ብቻ ከሆነ ይኸው በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ለጌም ሦስት ስክሪን ይለኛል። ቤት ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን አለ፤ ሁለት ብጨምርለት አይሆንም? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አባታችን፣ ባለዎት ቴሌቪዥን ይሞክሩት፤ ሁለት ሌላ ግን አይግዙለት። አብዛኛው ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 1366 በ768 ነው፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ጽሑፉ አይነበብም። ላይ ታች የተቆረጠ ምስል ካመጣ በሪሞቱ የምስል መጠን የሚለውን ወደ ሙሉ ፒክስል ይቀይሩት፣ ጌም ሞድ ካለውም ያብሩት፤ ያለዚያ ማውዙ ከእጅ ኋላ ይጎተታል። በሁለት ቴሌቪዥን ሒሳብ ያገለገሉ ሦስት የቢሮ ሞኒተሮችን መፈለግ ይሻላል። ሲገዙ ሦስቱም አንድ ሞዴል ይሁኑ፤ አንዱ 1920 በ1200፣ ሌላው 1920 በ1080 ከሆነ ቁመታቸው አይገጥምም። አንድ ሞዴል ሆነውም አንዱ ደብዘዝ ይል ይሆናል፤ እሱን ወደ ጎን ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ሁለት ሞኒተር ይሠራሉ፣ ሦስተኛው «ሲግናል የለም» ይላል። አንደኛው ባለ 144 ኸርዝ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ ግን ምንም ለውጥ አላየሁበትም። አንዳንዴ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ አልነሣ ይላል፤ ያ ሞኒተር ሲነቀል ይነሣል። ምን ነካው? (ከወልድያ)

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ስለ ሦስተኛው ሞኒተር፦ መጀመሪያ ገመዱ የተሰካው ካርዱ ላይ መሆኑን እይ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቆመው ያሉት፣ ዩኤስቢ አጠገብ ያሉት መውጫዎች የማዘርቦርዱ ናቸው፤ ካርድ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይዘጋሉ፤ የኢንቴል ፕሮሰሰርህ ስም መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለበት ደግሞ ጭራሹኑ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ገመዱ ካርዱ ላይ ከሆነ ኮንቨርተሩን ጠርጥር። ኮንቨርተር እንደ ቧንቧ በሁለቱም ወገን አይፈስም። ዲስፕሌይፖርት ካለው ካርድ ኤችዲኤምአይ ወዳለው ሞኒተር የሚወስደው ርካሹ ገመድ ተገልብጦ ከኤችዲኤምአይ ካርድ ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር አይሠራም። ሞኒተሩ ባለ ቪጂኤ (የድሮው ዓይነት የምስል መግቢያ) ብቻ ከሆነ ደግሞ የአሁኖቹ ካርዶች የአናሎግ ምልክት ስለማይሰጡ ውስጡ ቺፕ ያለው ኮንቨርተር የግድ ነው። አንድ ኤችዲኤምአይ ወደ ሁለት የሚከፍለው ስፕሊተር ያንኑ ምስል ይደግማል እንጂ ሁለተኛ ስክሪን አይፈጥርም፤ ይህን እያወቁ የሚሸጡ አሉ። ዩኤስቢን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውም ለጌም አይሆንም፤ ምስሉን ጨምቆ የሚልከው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ ይዘገያል። ገመዱ ሁሉ ትክክል ከሆነ ከኪቦርዱ የዊንዶስና የፒ (P) ቁልፎችን አብረህ ተጫንና «ኤክስቴንድ» የሚለውን ምረጥ። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የጠፋ ሞኒተር ከሆነ የኃይል ገመዱን ነቅለህ አንድ ደቂቃ አቆየውና መልሰው።

ስለ 144 ኸርዙ፦ ዊንዶስ አብዛኛውን ጊዜ በ60 ነው የሚተወው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግባና ያን ሞኒተር መርጠህ ቁጥሩን ቀይር። 144 ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ገመዱ ወይም መግቢያው ነው። የድሮው ኤችዲኤምአይ 1.4 በ1080 እስከ 120 ኸርዝ ድረስ ነው፤ ዲስፕሌይፖርት 1.2 ግን 144ን ያለ ችግር ያወጣል። ወደ ዲስፕሌይፖርት አዙረው።

የማይነሣው ኮምፒውተር፦ ይህን ካርዱ ላይ አታሳብብ። ዲስፕሌይፖርት ገመድ ጫፉ ላይ 20 ፒን (የብረት መገናኛ) አለው። ሃያኛው ፒን 3.3 ቮልት የሚሰጥ ነው፤ በደንቡ መሠረት በተሠራ ተራ ገመድ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይገናኝም። በአንዳንድ ርካሽ ገመዶች ግን ይገናኛል። ያኔ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ከሞኒተሩ ኤሌክትሪክ ወደ ካርዱ ይገባል፤ ኮምፒውተሩም ግራ ተጋብቶ አይነሣም። ገመዱን ቀይር፤ ሌላ ጥገና አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ከሚሴ መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሦስት ሞኒተርና ኮምፒውተር በአንድ ዲቫይደር ልሰካ ነው። ስንት ዩፒኤስ? ኬዙን ስነካው አንዳንዴ ይነዝረኛል፤ ያሰጋል?

መልስ፦ ከነዘረው እንጀምር፤ እሱ ይበልጣል። ሶኬትህ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) የለውም ማለት ነው። የፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ መሬት ሲያጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ይለቃል። ይህ ባለበት የበራ ሞኒተር ላይ ኤችዲኤምአይ ገመድ የሰካ ሰው የካርዱን ፖርት ሊያቃጥል ይችላል፤ ሦስት ሞኒተር ያለው ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ዕድሉን ይሞክራል። ኤሌክትሪሻን ጠርተህ መሬት አስቀብር፤ እስከዚያው ድረስ ሁሉንም ከግድግዳ ነቅለህ የምስል ገመዶቹን ካሰርክ በኋላ ብቻ ኃይል ስጥ።

አሁን ዋቱን። ኮምፒውተርህ አርኤክስ 6600 ያለው ከሆነ ጌም ላይ 270 ዋት ገደማ፣ ሦስት ባለ 24 ኢንች ሞኒተር እያንዳንዱ 25 ቢባል 75 ዋት፤ በድምሩ 345። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባትሪ) ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት አይደለም፤ ባለ 650 ቪኤው ከ360 እስከ 390 ዋት ስለሆነ ጫፍ ላይ ነው፤ ባለ 1,000 ቪኤና 600 ዋቱን ውሰድ። ጨዋታ መቀጠያ አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ ማጥፊያ ደቂቃዎች ነው የሚሰጥህ። የተሻሉ ፓወር ሰፕላዮች የዩፒኤሱ ሞገድ ሻካራ ከሆነ መብራት በሄደበት ቅጽበት ሊጠፉ ይችላሉ፤ ከመግዛትህ በፊት ጌም ከፍተህ ሶኬቱን ነቅለህ ፈትነው።

እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ምጣዱና ኮምፒውተሩ በአንድ መስመር ላይ አይሁኑ። ምጣድ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ይስባል፤ ሲበራና ሲጠፋ ቮልቱ ይወርዳል፣ ይዘላል። አምፖሉ ሲደበዝዝ ካየህ ሞኒተርህም ያየዋል። ዲቫይደሩን በተመለከተ 345 ዋት ብዙ አይደለም፤ የሚያቃጥለው የላላ መክተቻው ነው። ሰክተህ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጫፉን ንካው፤ ከሞቀ ጣለው።

ጥያቄ፦ የሞኒተር ማቆሚያ ክንዶች ዋጋቸው አይቀመስም። ብየዳ ቤት ላሠራ ነው። ልኩን ብትነግሩኝ። ጠረጴዛዬ 120 በ60 ነው። (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ከብረቱ በፊት ክር ያስፈልግሃል። ወንበርህ ላይ እንደምትጫወተው ተቀመጥ፣ ጓደኛህ 60 ሳንቲ ሜትር ክር አንዱን ጫፍ በዓይኖችህ መካከል ይያዝልህ። ሌላው ጫፍ የመካከለኛውን ሞኒተር መሐል ሲነካ ያ ቦታው ነው። ክሩን ሳትለቅ ወደ ቀኝ አዙረው፤ የቀኙ ሞኒተር መሐልም ያንኑ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ክሩን መገናኘት አለበት፤ ክሩም ስክሪኑን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይምታው። ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ስፋቱ 53 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በዚህ ርቀት ላይ እያንዳንዱ 48 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፤ የጎኖቹም ወደ አንተ የሚታጠፉት በዚያው 48 ዲግሪ ነው። ሦስቱ 143 ዲግሪ ይሆናሉ። ጌሙ የሦስቱን አንድ ላይ ሲጠይቅህ 143፣ የአንዱን ስክሪን ሲጠይቅህ 48 ስጠው።

ሲታጠፉ ጠቅላላ ስፋታቸው 125 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የጎኖቹ ጫፍ ከመካከለኛው ወደ ፊት 40 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ጠረጴዛህ በስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያንሳል፤ በጥልቀት ግን ለኪቦርዱ 20 ብቻ ይተርፈዋል። ስለዚህ ማቆሚያው ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ከወለል ይነሣ።

ለበያጁ የምትሰጠው ልክ፦ 40 በ40 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ለምሰሶውና ለአግዳሚው፤ እግሩ ወደ ፊት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ የጎን ሞኒተሮቹ ክብደት ወደ አንተ ስለሚያጋድል። የጎን ክንዶቹን በጠንካራ የበር ማጠፊያ አያይዛቸው፤ ዲግሪው በኋላ መስተካከሉ አይቀርም። ሞኒተሩን የሚይዘው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። የሞኒተሮችህን ጀርባ ለካ፤ አራቱ ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሚሊ ሜትር፣ በትንንሾቹ ላይ በ75 ይራራቃሉ። ላሜራው ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ፤ ከፍታው መስተካከል እንዲችል ቀዳዳዎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ሞላላ ቢያደርጋቸው ደግሞ ትመርቀዋለህ። ብሎኑ ኤም4 ነው፣ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር። ረዘም ያለ ብሎን እስኪጠብቅ ካዞርከው ከውስጥ ፓነሉን ይበሳዋል፤ ያን ጊዜ የሚፈጠረው ጥቁር ነጠብጣብ አይጠገንም። ሞኒተሩ ታስሮ እያለ «ትንሽ ብየዳ ብቻ» ቢሉህ እሺ አትበል።

ጥያቄ፦ ሞኒተሮቹን አዲስ አበባ ገዝቼ በአይሱዙ ላስጭን ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነች ኬዙ ተጨማሪ ፋን ያስፈልገዋል?

መልስ፦ በካርቶኑ ውስጥ፣ ቁመቱን ጠብቆ ይጫን፤ ተኝቶ ላዩ ላይ ሌላ ዕቃ አይደረግበት። ሁለት ሞኒተር አብሮ ከታሸገ ስክሪን ለስክሪን ይግጠሙ፣ በመካከላቸው ስፖንጅ ይኑር፤ የአንዱ እግር የሌላውን ስክሪን ከነካ ጣርማ በርን ሳይሻገር ይሰነጠቃል። ሌሊት ተጉዞ የደረሰ ሞኒተር ቀዝቅዞ ስለሚገባ የሞቀ ክፍል ውስጥ እርጥበት ይቋጥራል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው አትሰካው።

ስለ ፋኑ፦ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ይህን ያካክሳል፤ ስለዚህ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ፋን ካለህ አትጨነቅ። ኮምቦልቻ ወርደህ የምትጫወት ከሆነ ግን ሙቀቱም አለ፣ ከፍታውም ሙሉ በሙሉ አልተወህም፤ የካርዱን ሙቀት ተከታተል፣ 85 ዲግሪ ላይ ከከረመ አቧራውን አስጠርግ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ አገኘሁ። ቪጂኤ መውጫም ስላለው ለድሮው ሞኒተሬ ይሆነኛል፤ ልግዛው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ተወው። እውነተኛው 1050 ቲአይ ቪጂኤ የለውም። ቪጂኤ ያለው ብዙ ጊዜ የድሮ ካርድ ስሙ ተቀይሮበት ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ሻጩ ፊት ክፈት፤ አዲሶቹ ቅጂዎች ስሙ የተቀየረ ካርድ ሲያገኙ አስመሳይ መሆኑን ይጽፋሉ። አርኤክስ 580 የሚሉህም ካለ ከስሙ ኋላ 2048 የሚል ቁጥር እንዳይኖረው እይ፤ እሱ በጉልበት 570 ነው። እውነተኛ ከሆነም ሳትከፍል 20 ደቂቃ ጌም አስኪደው፤ ነጠብጣብ፣ ጭረት ወይም የፋን ጩኸት ከመጣ መልሰው።

ጥያቄ፦ ቫሎራንት ብቻ ነው የምጫወተው። ሦስት ሞኒተር ይጠቅመኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ አይጠቅምህም። ጌሙ እይታውን በ103 ዲግሪ ስለቆለፈው ስክሪን ብትጨምርም ጠላት ቀድመህ አታይም። ገንዘብህን አንድ ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር ላይ አውለው፤ ለቴሌግራም ከፈለግክ ያለህን አሮጌ ሞኒተር ከጎኑ አቁመው።